ሆድ ይፍጀው

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለም። ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት። የማወራችሁ አምና ለድባቴ ምርመራ ስለሄድኩበት ጊዜ ነው። ይሄን ክፍል ሦስት ጊዜ ቀድቼ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ይሄ አራተኛው ነው።

ከጨጓራዬ ልጀምር።

ዓመት ሙሉ ጨጓራ ታምሜያለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረቴ ሥር እያቃጠለኝ እነቃለሁ። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ እንቅልፍ የለም። የሄድኩበት ክሊኒክ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ፤ ጨረስኩት። ኦሜፕራዞል ዋጥኩ። ቡና ተው ተባልኩ፣ በርበሬ ተው ተባልኩ፣ ተውኩ። ማንም ግን ስለ እንቅልፌ በደንብ የጠየቀኝ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልተናገርኩም። ቢሮ ስገባ ኮምፒውተሩን ከፍቼ አንድ ሰዓት ፈዝዤ እንደምቀመጥ፣ ጓደኞቼ ሲደውሉ ስልኩን እያየሁ እንደማላነሳ ለማን ልንገር? ይሄ በሽታ ነው ብዬም አላሰብኩም። ስንፍና ነው ብዬ ራሴን ስሰድብ ነው የከረምኩት።

ነገሩን ያየችው ታላቅ እህቴ ናት። የፋሲካ ዕለት ቤቷ ተሰብስበናል። ዶሮው ቀርቧል። ትንሹ ልጇ ኳስ እንጫወት ብሎ እጄን ይጎትታል። ያ ልጅ ማለት ለእኔ ነፍሴ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ምንም አልተሰማኝም። እሷ ከጓዳ ሆና ታየኝ ነበር። ሰው ሲበተን ጠራችኝና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ጨጓራ አይደለም» አለችኝ።

የአእምሮ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ አንድ ስም ነው፤ አማኑኤል። አዲስ አበባ ያደግን ልጆች ይሄን ስም መጀመሪያ የሰማነው እንደ ስድብ ነው። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ስንቱን ሰው ያከመ ሆስፒታል መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። የአእምሮ ሕክምና እዚያ ብቻ እንዳልሆነም አላውቅም ነበር። ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ እነዚህ ሁሉ ክፍሉ አላቸው። እናቴ በበኩሏ «መጀመሪያ ጠበል» አለች። ሄድኩ። ሐኪም ቤትም ሄድኩ። በኋላ ዶክተሯን ስጠይቃት «ጠበልህን ጠጣ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጥ» ነው ያለችኝ።

ወረፋ ስጠብቅ አንዲት ነርስ አንድ ቅጽ ሰጠችኝ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በፊት ደስ ይሉህ የነበሩ ነገሮች አስጠልተውህ ያውቃሉ? ተከፍተህ፣ ተስፋ ቆርጠህ ነበር? እንቅልፍህ፣ ጉልበትህ፣ ምግብህ እንዴት ነው? ራስህን የማትረባ አድርገህ ታያለህ? ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ 3 ትሰጣለህ። በጭራሽ ከሆነ ዜሮ፣ በየቀኑ ማለት ከተቻለ 3። ሲደመር ከፍተኛው 27 ነው። የእኔ 8 መጣ።

ገባሁ። ዶክተሯ «እንዴት ነህ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ደህና ከሆንክ፣ ምን አመጣህ ታዲያ?» ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። አለቀስኩ። ወንድ ልጅ በማያውቃት ሴት ፊት። ሶፍት ሰጥታኝ እስክጨርስ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ቅጹን እንደገና አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ይሄኛው ጊዜ 17 መጣ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ በሽታው አልጨመረም። እውነቱን ስለተናገርኩ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ምርመራ እንዳልሆነ ነገረችኝ። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ተብሎ ይታይ ማለት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። ወረፋ ላይ ዜሮ ብዬው ነበር። ፊቴን እያየች ጠየቀችኝ። «ማታ ስተኛ ባልነቃ እላለሁ» አልኳት። ይሄን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አልደነገጠችም። ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ? ያቀድከው ነገር አለ? ሞክረህ ታውቃለህ? በእርጋታ ጠየቀችኝ፤ አልነበረም። ሰውን ይሄን መጠየቅ ሐሳቡን ማስገባት ነው የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም። እኔ ስጠየቅ ቀለለኝ።

ያልጠበቅኳቸው ጥያቄዎችም ነበሩ። ሳትተኛ ጉልበት የሞላህ፣ አሳብህ የሚሮጥ፣ ገንዘብ ያለልክ የምትበትንበት ጊዜ ነበር? እንዲህ ያለ ነገር ካለ ሕመሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል አለችኝ። መጠጥ፣ ጫት ጠየቀችኝ። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አዘዘች፤ የታይሮይድ ዕጢ ሲዳከምም ሰው እንዲህ ይሆናል። ንጹሕ ሆኖ መጣ። «ከዘመድ እንዲህ የሆነ አለ?» ስትለኝ የለም ልል ነበር። አጎቴ ትዝ አለኝ። ሦስት ዓመት ከቤት አልወጣም። ቤተሰቡ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ነው ያለፈው። ይሄን ስነግራት ስለ አጎቴ ውስጤ ተነካ። እሱን ማንም ቁጭ አድርጎ አልጠየቀውም።

መጨረሻ ላይ ድባቴ ነው አለችኝ። እኛ እኮ «ደበረኝ» የምንለው ታክሲ ሲጠፋ፣ ስብሰባ ሲረዝም ነው። ለዚህም ለዚያም አንድ ቃል እንጠቀማለን። ለዚህ ይሆናል ትልቁ ሲመጣ የማናውቀው። «ታዲያ ጨጓራዬስ?» አልኳት። ሕመሙ እውነት መሆኑን፣ ብዙ ሰው በራስ ምታት፣ በልብ ምታት፣ በጨጓራ በኩል እንደሚመጣ ነገረችኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት ይሄን ነው። እኛ ሐዘኑንም ቂሙንም ሆድ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። ሆዴ ባባ እንላለን። ሆድ ባሰኝ እንላለን። የማይነገር ነገር ሲገጥመን ሆድ ይፍጀው እንላለን። እኔ ዓመት ሙሉ ሆዴ እንዲፈጀው ተውኩት።

ፍሉኦክሰቲን ታዘዘልኝ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገርም ጀመርኩ። መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት እንደሚፈጅ አስቀድማ ባትነግረኝ በአሥረኛው ቀን እጥለው ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቅጹን ስሞላ 9 ሆነ። አሁንም እየተከታተልኩ ነው።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። መቼ ጀመረ፣ ስንት ሰዓት ትነቃላችሁ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ፣ የባህሉንም ጭምር። እዚያ ስትደርሱ ይጠፋባችኋል። የሚያያችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ እህቴ እኔ ያላስተዋልኩትን ሁሉ ተናግራለች። ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከበረታባችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሱ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ብቻችሁን አትደሩ።

ትናንት ማታ እህቴ ደወለችልኝ። «እንዴት ነህ?» አለችኝ። «ሁለት ቀን ሆነኝ በደንብ ካልተኛሁ» አልኳት። «መጣሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።