ደብዛው የጠፋ ወታደር ከየት ይፈለጋል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ (ከመርሳ የደወሉ እናት) ታላቅ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ የመጨረሻ ደብዳቤው በ1980 ዓ.ም. ኤርትራ ካለችው ከአፋቤት ደረሰን። መርዶም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። በየቢሮው ስሙን ስናገር «የለም» ይሉኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ «የለም» ማለት ብዙ ጊዜ «በዚህ ስም የለም» ማለት ነው። በእኛ በወሎ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በአንድ ቤት የእስላምና የክርስቲያን ስም ተቀላቅሎ ይኖራል፤ ልጁ ሰፈር በሚጠራበት ስም ሳይሆን በሌላው ተመዝግቦ ይሆናል። አባቱ ይማም ቢሆን ጸሐፊው «ኢማም» ብሎ ሊያሰፍር ይችላል። ስለዚህ የተጠራበትን ስም ሁሉ፣ የአባቱንና የአያቱን ጭምር፣ በየአጻጻፉ በአንድ ወረቀት ይጻፉ።

ከስሙ ቀጥሎ የሚፈለገው ክፍሉ ነው። ክፍለ ጦሩና ብርጌዱ ካልታወቀ መከላከያ ሚኒስቴር ቢያመለክቱም ፍለጋው ይከብዳል። የደብዳቤዎቹን ፖስታ እባክዎ አይጣሉ፤ ከላኪው ስም ሥር ያለው ቁጥር ክፍሉን ሊያመለክት ይችላል። ተቆራጭ ይላክላችሁ ከነበረም ደረሰኙ ትልቅ መረጃ ነው።

በአፋቤት የነበረው የመንግሥት ጦር፣ ናደው ዕዝ፣ በሻዕቢያ የተሸነፈው በመጋቢት 1980 ነው። ብዙዎች ወደቁ፣ ብዙዎች ተማርከው ወደ ሻዕቢያ ይዞታ ወደ ሳህል ተወሰዱ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ብዙ ወታደር በከሰላ በኩል ሱዳን ገባ። ወንድምዎ ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ አልፎ ይሆናል፤ መንገዱን የሚያውቁት ደግሞ አብረውት የተመለመሉ የአገር ልጆች ናቸው። ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና ከቢሮ በፊት እነርሱን ይጠይቁ፣ የሚሉትንም በጽሑፍ ያስቀሩ። ይህን ይዘው ደሴ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ይሂዱ። የጠፋ ዘመድ ማፈላለጉ በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ (ከኮምቦልቻ) አባታችን በየካቲት 1982 ምጽዋ ላይ ጠፋ። የቤቱን ካርታ ለማዞር «የመጥፋት ውሳኔ አምጡ» ተባልን። እናታችን ግን «ባሌን በአፌ አልገድልም» አለች።

መልስ፦ እናታችሁን አታስገድዷት፤ ቃሏ ከባድ ቃል ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ጉዳዩ የሚመለከተው ማንኛውም ሰው ማመልከት ይችላል፤ ልጅም ይችላል። ፍርድ ቤቱ «ሞቷል» ብሎ አይመሰክርም፣ ጠፍቷል ይላል። ነገር ግን ውጤቱን አትደብቋት፦ ውሳኔው ሲጸና ውርሱ ይከፈታል፣ ጋብቻውም ይፈርሳል። አባታችሁ ቢመለስ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ ይረከባል። ይህን ሁሉ ነግራችኋት፣ ጊዜ ሰጥታችኋት ወስኑ።

ጥያቄ፦ (ከወረኢሉ) አያቴ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። ስሙን ከየት አገኛለሁ?

መልስ፦ መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የተሰለፈው አብዛኛው ሰው አለቃውን ተከትሎ የዘመተ ነው፤ በየስሙ የተመዘገበ አልነበረም። ስለዚህ የአያትዎን ስም ሳይሆን በማን ሥር እንደ ዘመተ ይጠይቁ። የአለቃው ስም በቀረርቶም በሙሾም ይኖራል፤ የዘሩ ሽማግሌዎችም ያውቁታል። ካገኙት መልሰው ይደውሉልን።