ከበር ጀርባ የቆመው ከዘራ

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የጡረታ ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

«ስለ እርጅና ተናገርልን» ስትሉኝ መጀመሪያ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ለካ መልኬ አሳብቆብኛል! ግን እሺ አልኩ። 30 ዓመት ተማሪ ፊት የቆመ ሰው ማይክ ሲሰጡት እምቢ አይልም።

ይህን ከዘራ እዩት። ወይራ ነው። ልጄ ገዝታልኝ 6 ወር ከበር ጀርባ ቆመ። እኔ በከዘራ? ያውም ጎንደር ፒያሳ ላይ? «እርጅና፣ ብቻህን ና» ይባላል፤ የእኔው ግን የጉልበት ሕመም አስከትሎ መጣ። አንድ ቀን ከቅዳሜ ገበያ ስመለስ ዳገቱ መሃል ተገተርኩ። መውጣትም መውረድም አቃተኝ።

በማግስቱ ከዘራዬን ይዤ ፋሲል መዋኛ ወረድኩ። ለጥምቀት ሰው ሲተራመስበት ነው የምናውቀው። በአዘቦት ቀን ገንዳው ደረቅ ነው፤ የወፍ ድምፅ ብቻ። ከ300 ዓመት በላይ የቆመውን ግንብ ያቀፉትን የዋርካ ሥሮች ታውቋቸዋላችሁ። ልጅ ሆኜ ተንጠላጥዬባቸዋለሁ። ቁጭ ብዬ ያየኋቸው ግን ያን ቀን ነው።

እንዲህ ያለ ዋርካ አብዛኛውን ጊዜ ተካይ የለውም። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትጥለዋለች። አፈር የለ፣ ምን የለ። ሥሩ ድንጋዩን እየዳበሰ ይወርዳል። መሬት እስኪያገኝ የሚኖረው ግንቡን ተደግፎ ነው። ከዘራዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

ያረጀ ዛፍ ደግሞ ሆዱ ተቦርቡሮም ቅጠል ያወጣል። የመሃሉ እንጨት ድሮም የሞተ ነው። ውሃውን የሚያወጣው ወደ ቅርፊቱ የቀረበው ክፍል ነው። ጥርሳችን ላለቀብን መልካም ዜና!

እውነቱን ካወራን፣ ያው ሥር ግንቡን እንዳቀፈ ይሰነጥቀዋል። ልጄ ጋ በቀን 5 ጊዜ እየደወልኩ ማስጨነቄ ትዝ አለኝ። አሁን 2 ጊዜ አድርጌዋለሁ። እሺ፣ 3።

ወጣት ሳለሁ ጥድ መሆን ነበር የሚያምረኝ። ቀጥ ያለ፣ ለማንም የማያጎነብስ። ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ አበቃለት፤ ጉቶው አያቆጠቁጥም። ወይራ ጠማማ ነው፣ ሲያድግም ያዘግማል። ቢቆርጡት ግን ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ጉቶ ነበርኩ። በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንድ ጠዋት የጎረቤት ልጅ ደብተሩን ይዞ «ጋሼ፣ ሒሳብ ያስረዱኝ» ብሎ መጣ። በሳምንቱ ሦስት ሆነው መጡ።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መዋኛው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ቀስ ብለን እንዞራለን፤ የደከመው ሥሩ ላይ ይቀመጣል። ከዘራችሁን ከበር ጀርባ የደበቃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይዛችሁት ኑ።