ጤፍ ውስጥ የተቀበረው ስልክ፦ ውሃ ከገባበት ሞባይል ፎቶ እንዴት ይወጣል?

(ምስል፦ የቻርጀር መሰኪያ ቀዳዳ፣ በጣም ቀርቦ)

ይቺን ቀዳዳ በደንብ እዩልኝ። ቻርጀር የምትሰኩባት ናት። ጥጓ ላይ ያለችው ቡናማ ነጥብ ቆሻሻ እንዳትመስላችሁ። ጤፍ ናት። አንድ ፍሬ ሰርገኛ ጤፍ።

የስልኩ ባለቤት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ስልክ ውሃ ሲገባበት ሩዝ ውስጥ ይከተታል ሲባል ሰምተዋል። ቤት ውስጥ ሩዝ አልነበረም፤ ጤፍ ግን ነበረ። ሁለት ቀን ጤፍ ውስጥ ቀበሩት። በሦስተኛው ቀን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውልኝ መጡ።

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ሥራ ይበዛብኛል። አንዱ ክረምት ነው። ሌላው የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ለምን እንደሆነ ጎንደሬ ይገባዋል።

(ምስል፦ የፋሲል መዋኛ፣ ጥር 11 ጠዋት)

በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ። መዋኛው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ይባረክና ወጣቱ ከግንቡም ከዛፉም እየዘለለ ይገባል። ዘላዩ ኪሱን አይፈትሽም። ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚቀርጸውም አይተርፍም። እኚህ እናት ሲቀርጹ ሰው ገፋቸው፣ ስልኩ ከእጃቸው አመለጠ፣ አንድ ጎረምሳ ጠልቆ አወጣላቸው።

"ልጄ፣ ስልኩ ይቅር" አሉኝ። "ፎቶዎቹን ብቻ አውጣልኝ።"

ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትሉት ይህንን ይሁን። ስልኩን ማዳንና ፎቶውን ማዳን የተለያየ ሥራ ነው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። አስቀድመን ስለ ውሃው እናውራ።

ውሃ ብቻውን ስልክ ለመግደል ይቸገራል። የሚገድለው ኤሌክትሪክ ሲጨመርበት ነው። የወንዝ ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን አለ፣ ማዕድን ያለው ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ባትሪው ካልተነቀለ ስክሪኑ ቢጠፋም ቦርዱ ላይ፣ ማለትም ውስጥ ያሉት ቺፖች በተደረደሩበት ሰሌዳ ላይ፣ ኤሌክትሪክ አለ። ሁለቱ ተባብረው ብረቱን ይበሉታል። ከጤፏ ጎን የሚታየው አረንጓዴ ቅርፊት የተበላ መዳብ ነው።

አሁን እውነቱን ተናገሩ። ስልካችሁ ከውሃ ሲወጣ እጃችሁ ምን ያደርጋል? ማብሪያውን ይጫናል። እንቢ ሲል ቻርጀር ይሰካል። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹን የገደላቸው መዋኛው ሳይሆን ቻርጀሩ ነው።

እንዲህ አድርጉ። በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ ጠፍቶ ከሆነ አትንኩት። ከቨሩን አውልቁ። ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። ባትሪው በእጅ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ እሱንም አውጡ። በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ ንፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ምድጃ ዳር አይቀመጥም። የፀጉር ማድረቂያም አይነፋበትም። ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ያብጣል፣ ሊነድም ይችላል።

ሩዙንስ? አፕል ራሱ አይፎናችሁን ሩዝ ውስጥ አትክተቱ፣ ብናኙ ሊጎዳው ይችላል ይላል። ስለ ጤፍ ምንም አላለም፤ እኔ ልበልላችሁ፣ ይባስ። ቦርዱ ላይ ቺፖቹን የሚሸፍኑ የቆርቆሮ ክዳኖች አሉ። እነሱ ሥር የገባን ውሃ ሩዝ ከውጭ ሆኖ አይስበውም። ውሃው ቢተን እንኳ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ጠላ፣ ለስላሳ ወይም የኦሞ ውሃ ከሆነ ደግሞ ይደርቃል ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይከፈት።

"የኔ ስልክ እኮ ውሃ አይገባውም" የሚል ሁሌም አለ። አይፒ 68 የሚባለውን የውሃ መቋቋም ፈተና ማለቱ ነው። ያ ፈተና የሚደረገው በአዲስ ስልክ፣ በረጋ ንጹህ ውሃ ነው። ስልኩ ሲያረጅ ማሸጊያውም ያረጃል። ስክሪን አንዴ ያስቀየራችሁበት ስልክ ከሆነማ፣ የፋብሪካው ማሸጊያ ያኔ ተቀዷል።

(ምስል፦ ሲም ካርድ በጨርቅ ሲጠረግ)

ወደ እናታችን ልመለስ። ስልኩን ከመክፈቴ በፊት "የትኞቹ ፎቶዎች ናቸው?" አልኳቸው። ግማሾቹ ልጃቸው ከዓረብ ሀገር የላከቻቸው ናቸው። "በምን ነው የምትልክልዎት?" "በቴሌግራም።"

ሲማቸውን ጠርጌ ሌላ ስልክ ውስጥ ከተትኩና በቁጥራቸው ቴሌግራም ገባሁ። የቴሌግራም ተራ ቻት የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር (የራሱ ኮምፒውተር) ላይ ነው፤ ሚስጥራዊ ቻት ብቻ ስልኩ ላይ ይቀራል። ሲከፈት የልጅቱ ፎቶዎች በሙሉ ተራ በተራ ወረዱ። ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስልካቸው ግን ገና አልተከፈተም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቴሌግራም የመግቢያ ኮዱን መጀመሪያ የሚልከው በሞተው ስልክ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጠብቃችሁ በኤስኤምኤስ ይላክልኝ በሉት። ፎቶ ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ጉግል ፎቶስም አለ። ሳታውቁት ተከፍቶ ሲያስቀምጥላችሁ ከርሞ ይሆናል፤ በጂሜላችሁ ኮምፒውተር ላይ ገብታችሁ እዩ። ፎቶ ሚሞሪ ካርድ ላይ ታስቀምጡ ከነበረም ካርዱን አድርቁና በካርድ ሪደር ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም።

የቀረው ግማሽ ግን የልጅ ልጃቸው ፎቶ ነው። ራሳቸው ያነሱት፣ ለማንም ያልላኩት። እሱ ስልኩ ውስጥ ነው።

(ምስል፦ የተከፈተ ስልክ፣ የተራቆተ ቦርድ)

ፎቶ የሚቀመጥባት ቺፕ ይቺ ናት። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥባትም የያዘችውን አትረሳም። ስልኩ ሞተ ማለት ፎቶው ጠፋ ማለት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ታዲያ ነቅሎ ማንበብ ነዋ? በድሮ ስልኮች ይሠራ ነበር። በአሁኖቹ አይሠራም። ፎቶው ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፣ ቁልፉ ያለው ደግሞ እዚህች ሌላ ቺፕ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ሳጥኑን ብቻውን ይዞ መሄድ አይጠቅምም። ሁለቱ እዚሁ ቦርድ ላይ ሆነው መነሳት አለባቸው፤ ፒኑ ወይም ፓተርኑም ያስፈልጋል።

ቀደም ብዬ ሥራው የተለያየ ነው ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ስልኩን ለማዳን ከሆነ ድምፁም፣ ካሜራውም፣ ኔትወርኩም ይታሰባል። ለፎቶ ከሆነ ስልኩ አንዴ ይነሳ፣ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ይበቃኛል።

መጀመሪያ ባትሪውን አላቀቅሁ። ክዳኖቹን አነሳሁና በ99 ፐርሰንት አልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። የፋርማሲው 70 ፐርሰንት የቀረው ውሃ ነው፤ አይሆንም። አረቄ የሞከረ ሰው ገጥሞኛል። ሽታው ለሁለት ቀን ሱቄን አልለቀቀም።

ስልኩ ታጥቦም አልተነሳም። በቴስተር ሳየው ሾርት አድርጓል፤ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ስቶ ያለቦታው ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ዝም ብላችሁ እዩ።

(ምስል፦ ቦርዱ ላይ አልኮል ይፈሳል፤ አነስተኛ ኃይል ይሰጠዋል)

አልኮሉ ቦርዱን ሸፍኖታል። ኃይል ስሰጠው ሾርት ያደረገው ዕቃ ይሞቃል። አሁን እዩ… ቦርዱ በሙሉ እርጥብ ነው፣ እዚህ ጋ ብቻ ቀድሞ ደረቀ። ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ካፓሲተር ናት፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ የምትይዝ ዕቃ። ነቀልኳት። እሷ ባትኖርም ስልኩ ሊነሳ ይችላል። ሾርቱ ጠፋ።

ስክሪኑ ግን አበቃለት። ሱቅ ውስጥ ለመሞከሪያ የማስቀምጠው ስክሪን አለ፤ እሱን ሰካሁ፣ ሌላ ባትሪ ሰጠሁት።

እዚህ ጋ ስለ አንድ ቃል ላስጠንቅቃችሁ፤ ፍላሽ። አንዳንዱ ጠጋኝ ስልክ አልነሳ ሲለው "ፍላሽ እናድርገው" ይላል። ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን ማለቱ ነው። ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የቁልፉም ነገር አብሮ ያበቃል። ከዚያ በኋላ እኔም ሌላም ሰው ልንመልሰው አንችልም። ስልኩን ስታስረክቡ "ፍላሽም ፎርማትም እንዳታደርግብኝ" በሉ። ተቀባዩ ቅር ቢለውም ግድ የለም። ፎቶው ካልወጣ ስንት እንደምትከፍሉም ያኔውኑ ተነጋገሩ።

ሌላም አለ። ፓተርናችሁን ስትሰጡ ፎቶው እስኪገለበጥ አብራችሁ ቁሙ፣ የራሳችሁን ፍላሽ ዲስክ ይዛችሁ ኑ። የሙያ ባልደረቦቼ አትቀየሙኝ። የሰው ፎቶ የሰው ጓዳ ነው።

(ምስል፦ ስልኩ በሌላ ስክሪን ላይ ሲነሳ)

ተነሳ። እናትየው ፓተርናቸውን በጣታቸው አየር ላይ ሳሉልኝ፤ በቃል ሊነግሩኝ አልቻሉም። ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ዲሲአይኤም የሚባለውን ፎልደር እንዳለ ገለበጥኩ። ካሜራው ያነሳው ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። የእናንተም ስልክ ከውሃ በኋላ በራሱ ከተነሳ፣ ለማንም ከመደወላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ዛሬ የሠራ ስልክ ከሳምንት በኋላ ድንገት ዝም ሊል ይችላል፤ ዝገቱ ሥራውን አላቆመም።

የልጅ ልጁ ሁሉም ፎቶ ላይ አለ። ሽሮ ተቀብቶ፣ በርጩማ ተደግፎ፣ በአያቱ ነጠላ ተጠቅልሎ። አንዱ የጣት ፎቶ ብቻ ነው። "እሱንም እንዳታጠፋው" አሉኝ።

ገልብጬ ስጨርስ ስልኩ ጠፋ። ደግሜ ሞከርኩ፤ እንቢ አለ። "ስልኩስ?" ሲሉኝ "አለቀ እማማ" አልኳቸው። ተቀበሉኝና መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ለልጁ መጫወቻ ይሆናል አሉ። ጤፏን ግን በመርፌ አውጥቼላቸዋለሁ።