ግማሽ ሃርሊ፦ የትንሹና የትልቁ ዶቅዶቄ ፉክክር

[ምስል፦ አሜሪካ፣ የአውራ ጎዳና ዳር ነዳጅ ማደያ። ሁለት ሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን ቆመዋል።]

ሁለት ሰዎች ቤንዚን ይቀዳሉ። አንዱ ዓይኑን ወደ ሌላው ሞተር ሳይክል ይሰዳል። ከዚያ ጥያቄዋ ትመጣለች።

"ስንት ሲሲ ነው?"

ስትሰሟት ተራ ጥያቄ ትመስላለች። ግን ነገር አላት። መልሱ 883 ከሆነ ጠያቂው ፈገግ ይልና "ለጀማሪ ጥሩ ነው" ይላል። ባለ 883ቱ ምናልባት 15 ዓመት የነዳ ሰው ነው። ቢሆንም ፊቱ ይቀላል።

በቅሎን "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለች አይደል? የአሜሪካው ሃርሊ ኩባንያ ትንሿ ሞተር ሳይክል፣ ያቺ 883፣ ስፖርትስተር ትባላለች። ብዙ ባለ ስፖርትስተርም እንዲሁ ነው። ስንት ሲሲ ሲሉት "ሃርሊ ነው" ብሎ ያልፋል።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህች ፈገግታ ነው። ከየት መጣች?

መጀመሪያ ቋንቋችንን እናጥራ። በአማርኛ ተሽከርካሪውንም ሞተር እንለዋለን፣ ሆዱ ውስጥ ያለውንም ሞተር እንለዋለን። እንዳንጋባ ተሽከርካሪውን ዶቅዶቄ እያልኩ እቀጥላለሁ። ልጆች ሆነን እንደምንጠራው።

[ምስል፦ ክሩዘር ከጎን ሲታይ።]

ክሩዘር የሚባለው ይሄ ነው። መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ መሪው ሰፊ፣ ነጂው እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ሶፋ ላይ እንዳለ ሰው የሚቀመጥበት። ሲሲ ደግሞ ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ የሚሸፍኑት ቦታ መጠን ነው። 1000 ሲሲ ማለት አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 883 ከአንድ ሊትር ሃይላንድ ትንሽ ጎደል ይላል። በእኛ ከተማ ዕቃ ለሚያመላልሰው ሞተረኛ ይሄ ጭራቅ ነው። ለአሜሪካ ክሩዘር ነጂ ግን "ትንሿ" ነች።

[ምስል፦ የ1950ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፎቶ።]

ወደ ኋላ እንመለስ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ዶቅዶቄዎች አሜሪካ ገቡ። ትራያምፍ፣ ቢኤስኤ፣ ኖርተን። 500 ሲሲ፣ 650 ሲሲ። ቀላልና ፈጣን ነበሩ። የሃርሊ ትልቁ በዚያን ጊዜ 1200 ሲሲ ነበር። ጠንካራ ነው፣ ፖሊስ ይነዳዋል፣ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ግን ከባድ ነው። የወጣቱ ልብ ወደ እንግሊዞቹ ሸፈተ።

ሃርሊ በ1952 ኬ የሚባል 750 ሲሲ ሞዴል አወጣ። አልበቃም። በ1957 ስፖርትስተርን አመጣ። ስንት ሲሲ? 883።

አዎ፣ ያው 883።

ያኔ ግን ማንም ፈገግ አላለም። ስፖርትስተር የወጣት፣ የፈጣን፣ የደፋር ዶቅዶቄ ነበር። ትልቁን የራሱን ወንድም ጥሎት ይሄዳል። በ1958 የወጣው ኤክስኤልሲኤች የሚባለው ዓይነትማ በእግር ተረግጦ ብቻ ነበር የሚነሳው። ቀኑ ሲጠም ደጋግመህ ትረግጠዋለህ፣ እሱ ደግሞ መርገጫውን መልሶ እግርህን ይለዋል። ባለቤቶቹ ይሄንን ጠባሳ ሳይቀር ይኩራሩበት ነበር።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ትንሹ ብዙም አልተለወጠም። በ1972 ወደ 1000 ከፍ አለ፣ በ1986 እንደገና 883 ሆኖ በአዲስ ሞተር መጣ። ትልቁ ግን ማደግ አላቆመም። 1340 ሆነ። በ1999 1450። በ2007 1584። በ2017 1745። የአንተ ቤት አልጠበበም፤ ጎረቤትህ ፎቅ ሠራ።

[ምስል፦ የሁለቱ ሞተሮች ሲሊንደር ጎን ለጎን።]

ይቺን ስሌት ተመልከቱልኝ፣ እኔ በጣም ነው የምወዳት። የ2017ቱ ትልቅ ሞተር ሁለት ሲሊንደር፣ ማለትም ፒስተን የሚወጣና የሚወርድበት ሁለት ቱቦ አለው። 1745 ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዱ ወደ 873 ይጠጋል። የትልቁ አንድ ሲሊንደር ብቻውን ሙሉውን ስፖርትስተር ያክላል ማለት ነው። "ግማሽ ሃርሊ" ብለው የሚቀልዱት ሰዎች ሳያውቁት ሒሳቡን ልክ ነው የሠሩት።

ግን ጥፋቱ የነጂዎቹ ብቻ አይደለም። ኩባንያውም እጁ አለበት። 883 በ1986 ሲመለስ ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሃርሊ አንድ ማባበያ አመጣ። 883 ግዙ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ ትልቁ ከተሸጋገራችሁ የትንሿን ሙሉ ዋጋ እናስብላችኋለን። ለሻጭ ግሩም ዘዴ ነው። ግን መልእክቱን አዳምጡት። ትንሿ መሰላል ነች፣ ቤቱ ያለው ከላይ ነው። ከዚያ በኋላ 883 ላይ የቀረ ሰው በሌሎች ዓይን መሰላል ላይ ቆሞ የቀረ መሰለ።

መንግሥትም ገባበት። በ1983 የሬጋን አስተዳደር ሃርሊን ከጃፓኖች ለመታደግ ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ ከውጭ የሚገቡ ዶቅዶቄዎች ላይ ቀረጥ ጫነ። ከ4.4 በመቶ ወደ 49.4 በመቶ አሻቀበ። ጃፓኖቹስ? 750ውን ወደ 699 አሳነሱት። ሆንዳ ሻዶው 700፣ ያማሃ ቪራጎ 700 የተወለዱት ከዚህ ነው። ሌላው ዓለም 750 ሲነዳ አሜሪካዊው አንድ ሲሲ ላለማለፍ የተጠነቀቀ ዶቅዶቄ ይነዳ ነበር። ነዳጅ ማደያ ላይ ሲጠይቁትም "ሰባት መቶ" ይላል እንጂ "ስድስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ" አይልም።

[ምስል፦ የሁለት ሴቶች የቆየ ፎቶ፣ በቆዳ ልብስ።]

አሁን ወደ ደስ የማይለው ክፍል። ስፖርትስተርን ዝቅ ሲያደርጉት የሚወረውሩት ቃል "የሴት ሞተር" ነው። ከዚህ ቃል ጋር ጠብ አለኝ።

በ1916 ኦገስታ እና አዴሊን ቫን ቢዩረን የተባሉ እህትማማቾች ከኒውዮርክ ተነስተው አሜሪካን አቋርጠው ካሊፎርኒያ ገቡ። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዶቅዶቄ። አስፋልት ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በጭቃና በአቧራ። የነዱት ኢንዲያን ፓወርፕላስ የሚባል ነው፣ 1000 ሲሲ። በጊዜው ከትልልቆቹ አንዱ። መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆሟቸዋል። ጥፋታቸው የወንድ ልብስ መልበሳቸው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በሞተር ሳይክል መልእክት እናድርስ ብለው ለሠራዊቱ አመለከቱ፣ አልተቀበላቸውም።

እንግዲህ "የሴት ሞተር" የሚባል ነገር ካለ መቶ ዓመት በፊት 1000 ሲሲ ነበር።

[ምስል፦ ረጅም ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና።]

ለትልቆቹም ልፍረድላቸው። የሚሉት ሁሉ ጉራ አይደለም። የአሜሪካ መንገድ ረጅም ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ከኋላ ሚስት፣ በጎን ሻንጣ፣ ከፊት ነፋስ። እዚያ ላይ ትልቅ ሞተር አይጨነቅም፣ ማርሽ ሳይቀንስ ዳገቱን ይወጣል። የድሮው ስፖርትስተር ደግሞ እስከ 2003 ድረስ ሞተሩ በቀጥታ ከፍሬሙ ጋር የታሰረ ስለነበር እጅና እግር ያደነዝዛል። በ2004 ነው በሞተሩና በፍሬሙ መካከል ንዝረቱን የሚውጥ ጎማ የገባለት።

የእውነት ጠብ የሚያስነሳው ግን ነዳጅ ነው። የስፖርትስተር ዝነኛው ሰልባቲዮ የለውዝ ቅርጽ አለው። በጣም ያምራል። የሚይዘው ግን 8 ሊትር ገደማ ነው። የትልልቆቹ ተጓዦች ከ22 ሊትር በላይ ይይዛል። በቡድን ስትጓዙ 150 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ያ ሰውዬ እጁን ያወጣል። ሁሉም ይቆማል። ሄልሜት ይወልቃል፣ ቡና ይጠጣል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ቀልዱ ይጀምራል። ሦስተኛው ላይ ቀልድነቱ ያበቃል።

ትንሿም መልስ አላት፣ ከተማ ውስጥ። አይረን 883 ክብደቱ 256 ኪሎ ነው። ትልቁ አልትራ ሊሚትድ ከ400 ኪሎ ያልፋል። ያንን ይዘህ ትንሽ ቁልቁለት ያለው ቦታ ላይ በአፍንጫው ካቆምከው በኋላ ወደ ኋላ ግፋው እስቲ። እዚያ ነው ኩራት የሚፈተነው። ባለ ትልቁ ዙሪያውን ቃኝቶ የሚገፋው ሰው ይፈልጋል። ባለ 883ቱ ግን በአንድ እግር አዙሮ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ቀስ እያለ።

[ምስል፦ አንድ ጋራዥ፣ የተፈታ ሞተር።]

ሆድ የባሰው ባለ 883 ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። 883 እና 1200 ስፖርትስተር ፒስተናቸው የሚወጣና የሚወርድበት ርዝመት አንድ ነው፣ 96.8 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ የሲሊንደሩ ስፋት ነው። አንዱ 76.2፣ ሌላው 88.9። ይሄው ነው። 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ። ሲሊንደሩን አስፍተህ፣ ትልልቅ ፒስተን ጨምረህ 883ውን 1200 ታደርገዋለህ። ይሄን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። የሚገርመው አንዳንዱ 883 የሚለውን ጽሑፍ አያነሳም። "ስንት ሲሲ ነው?" ሲሉት አንገቱን ደፍቶ "883" ይላል። ከዚያ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል።

ድምፁም አይለያቸውም። ሁለቱም ሞተሮች የ45 ዲግሪ ቪ ናቸው፣ ሁለቱ ፒስተኖች አንድ ዘንግ ላይ ታስረዋል። ስለዚህ እኩል እየተራራቁ አይተኩሱም። አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው ቶሎ ይከተላል፣ ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ። ዶቅ-ዶቅ፣ ዶቅ-ዶቅ። አሜሪካኖች "ፖቴቶ-ፖቴቶ" ይላል ይሉታል፣ ድንች ማለት ነው። የኛ ስያሜ ይሻላል ባይ ነኝ። ሃርሊ ይሄን ድምፅ በ1994 በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግበው አመልክቶ ነበር፣ በ2000 ተወው።

[ምስል፦ ግዙፍ ዶቅዶቄ በዝግታ ሲያልፍ።]

ለመሆኑ ትልቁ የት ላይ ነው የሚያበቃው? ባለ 1745ቱ ባለ 883ቱን አይቶ ፈገግ ሲል የእንግሊዙ ትራያምፍ ሮኬት 3 አጠገቡ ይቆማል። 2458 ሲሲ። የሮኬቱ ባለቤት ደረቱን ሲነፋ ከቴኔሲ የሚመጣው ቦስ ሆስ ያልፋል። እሱ የሸቭሮሌ መኪና ሞተር የተገጠመለት ነው፣ ስምንት ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ባቡር ይግዛ።

ወደ ታች ደግሞ ህንድ አለች። እዚያ አብዛኛው ሰው ከ100 እስከ 125 ሲሲ ነው የሚነዳው። 349 ሲሲ ያለው ሮያል ኤንፊልድ ሚቲዮር ክሩዘር መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው ዞሮ ያየዋል። እዚያም ከ350 ሲሲ በላይ ሲሆን ግብሩ ይጨምራል። የ699ኙ ታሪክ ዘመድ ነው።

ሰው በሚጋልበው መመዘኑ ለእኛም አዲስ አይደለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በፈረስ ስም መጠራት ክብር ነበር። የፈረሱን ቁመት በሜትር የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም።

[ምስል፦ አዲሱ ስፖርትስተር ኤስ።]

በ2021 ሃርሊ ስፖርትስተር ኤስ የሚባል አዲስ ነገር አወጣ። 1252 ሲሲ፣ ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 121 የፈረስ ጉልበት። በሲሲ ከትልልቆቹ ያንሳል፣ ጥሎ መሄድ ላይ ግን ልክ እንደ 1957ቱ ነው። ባለ ትልልቆቹ ብዙም አልተቆጡም። የተቆጡት ሌሎች ናቸው። ስንት ዓመት "ግማሽ ሃርሊ" ሲባሉ የኖሩት፣ በአየር የሚቀዘቅዘው የድሮው 883 ባለቤቶች። ነዳጅ ማደያ ላይ አዲሱን ሲያዩት ዓይናቸውን ወደ ሞተሩ ይሰዳሉ፣ ፈገግ ይላሉ።

"ጥሩ ነው" ይላሉ። "ስፖርትስተር ግን አይደለም።"