ከ4 ለ0 በኋላ
የተከበራችሁ የሰፈራችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ውድ ተጫዋቾቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ! እሑድ የአዘዞን ልጆች 5 ለ1 አሸንፈናል።

ሜዳችንን ታውቁታላችሁ፤ ከላይኛው ጎል ወደ ታችኛው ያዘቀዝቃል። አምበላችን ዕጣው ሲወጣለት ብዙዎቻችሁ «ቁልቁል ጀምር!» ብላችሁ ጮኻችሁበታል። እሱ ዳገቱን መረጠ። በልምምድ ላይ የተስማማነው እንደዚያ ነበር፤ ጉልበት ሳለ ዳገቱን እንጨርስ፣ እግር ሲዝል ቁልቁለቱ ያግዘናል ብለን። ኳስ ሽቅብ መለጋት ጉልበት መጨረስ ስለሆነ ልጆቹ በአጫጭር ቅብብል፣ በመሬት ተጫወቱ። ለዕረፍት ስንወጣ 2 ለ0 እየመራን ነበር። ዳገት ላይ 2 ጎል! ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቀለለን፤ በ65ኛው ደቂቃ 4 ለ0 ሆነ።

ዛሬ ልናገር የቆምኩት ቀጥሎ ስለሆነው ነው። የእንግዶቹ አማካይ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ወደቀ። የመጡት 12 ሆነው ነበር፤ አንዱን ቅያሪ ዕረፍት ላይ አስገብተውታል። በ10 ልጅ ሊቀጥሉ ተሰለፉ። ያን ጊዜ ሁለት ጎል ያገባው አጥቂያችን ወደ አምበሉ ሄዶ «እኔ ልውጣ፣ እኩል እንሁን» አለው። አምበሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ይውጣ አልኩ። በቀረው 20 ደቂቃ 10 ለ10 ተጫወትን። አንድ ጎል ገባብን፣ እኛም አንድ ጨመርን።

ከእሑድ ወዲህ በባጃጅ ውስጥም፣ ጃንተከል ዋርካው ሥርም ስለዚህ ነገር ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ። «እነሱ ቢሆኑ ያደርጉልን ነበር ወይ?» ያላችሁኝ አላችሁ። «ሕጉ አያስገድድም» ያላችሁኝም አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ አያስገድድም። የእግር ኳስ ሕግ አንድ ቡድን ከ7 ተጫዋች በታች እስካልወረደ ድረስ ጨዋታው እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ዳኛውም ምንም አላሉንም።

አንድ አባት ደግሞ ከሁሉም የከበደውን ነገሩኝ። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትበላ ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተዋት ነበር። ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ2 ያደረጋት መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ2 አለቀ። «ልጄ፣ እየመሩ መተኛት የለም» አሉኝ።

አባቴ፣ እውነትዎን ነው። 1 ለ0 ወይም 2 ለ1 ቢሆን ኖሮ ልጁን አላስወጣም ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ግን ሜዳው የእኛ፣ ደጋፊው የእኛ፣ ቁልቁለቱም የእኛ ሆኖ፣ በ4 ጎል እየመራን አንድ ሰው መብለጥ ምን ያደርግልናል? ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። አብዶ ይበዛል፣ ደጋፊ ማሳቅ ይጀመራል፣ ያኛው ይናደዳል። እኔ ስጫወት በነበረበት ዘመን 6 ለ0 እየመራን አንድ ጓደኛችን ኳሱ ላይ ቆሞ ሕዝቡን ያስጨበጭብ ነበር። ከኋላ የደረሰበት ምት ጉልበቱን ሰበረው፤ ከዚያ ወዲህ ኳስ ነክቶ አያውቅም። እኛም ለዓመታት ጥፋቱን በመታው ልጅ ላይ ብቻ ስንጥል ኖርን። ዛሬ ሳስበው ከዳር ሆነን ስናጨበጭብለት የነበርነውም አለንበት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ የተሸነፈው እንዳይቆጣ ግን ያሸነፈውም ማገዝ አለበት።

የገባብን ጎል የእኔ ጥፋት ነው። አጥቂው ሲወጣ ከሁለቱ አማካዮች አንዱ ወደ ግራ መስመር መሳብ ነበረበት፤ አልነገርኩትም፤ እነሱም በዚያው በተከፈተው ቦታ ገቡ። ነገ ጠዋት ልምምድ ላይ እሱን እንሠራለን። በረኛችንን የወቀሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

እነዚህ ልጆች ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ ገና ትንንሾች ነበሩ፤ በየመንገዱ ሲጨፍሩ አስታውሳቸዋለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ያንን ማሊያ ለብሶ ባየሁ ስል ጸሎቴ ነው።

የመልሱ ጨዋታ የፊታችን እሑድ አዘዞ ነው። ሚኒባሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከፒያሳ ይነሳል። የተጎዳውን ልጅ ትናንት ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ እብጠቱ ቀንሷል፣ ለእሑድ ግን አይደርስም። ስንሄድ እናቶች ቆሎና ዳቦ አዘጋጅተን ቤቱ እንግባ ብለዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አንድ ነገር ቀረኝ። በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል ያገባ ተጫዋች ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛ አጥቂ ያገባው ሁለት ነው፤ ሦስተኛውን ሊሞክር 20 ደቂቃ ሲቀረው ወጣ። ጓደኞቹ ተመካክረው ሁሉም ኳሱ ላይ ፈርመውለታል። ና ልጄ፣ ከኋላ አትቀመጥ፤ ወደዚህ ውጣና ተቀበል።