ክፍል 41፦ ዝም ብዬ ተውኩት

ሰላም ሰላም። መብራት ስለሄደ ዛሬም በስልክ ነው የምቀዳው፣ ጋቢ ተከናንቤ። ተባባሪ አዘጋጃችን ከአጥሩ ማዶ አለ፣ እስካሁን አልጮኸም። ለፋሲካ እንዴት እንደተረፈ እኔም ባለቤቱም አናውቅም። ከጮኸ ጮኸ፣ አልቆርጠውም።

ስለ ቤት ኪራዩ ነበር ላወራ ያሰብኩት። ቃል ገብቼላችኋለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ከሐሙስ ወዲህ አንድ ነገር... እንቅልፍ ነሳኝ ልላችሁ ነበር፣ ውሸት ነው፣ ተኝቻለሁ። ብቻ ጥርሴን ስፍቅ ብቅ ይላል፣ ሻይ ሳማስል ብቅ ይላል።

ሐሙስ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ከባጃጅ ወረድኩ። በግንቡ ጥግ ጥላ አለ፣ የኳሱ ልጅ እዚያ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ ኳስ ከእጁ ስለማይለይ እንደዚያ እንበለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ሰላም ብዬው ላልፍ ስል ተነሣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

ጋሼ! ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ። እሺ፣ ፀጉሬ አልቋል፣ ይሁን።

«ጠይቀኝ» አልኩት። ገንዘብ የሚጠይቀኝ መስሎኝ እጄን ኪሴ ከትቻለሁ።

«አንተ እንዴት ነው የተውከው?»

ምኑን አላለም፤ ጋንጃውን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል ማለት ነው። እኔ እኮ እዚህ የማወራው ሩቅ ላላችሁት ነው፤ ከቤቴ በታች ሦስተኛው በር ላይ ያለ ልጅ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሰማኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሞኝ ነኝ።

«ዝም ብዬ ተውኩት» አልኩት።

«ዝም ብለህ?»

«ዝም ብዬ። መወሰን ነው፣ በቃ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከኳሱ ላይ የተላጠውን ቆዳ በጥፍሩ እየላጠ፣ «እኔ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አለ። ነፋስ አለ፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ እሱ ግን ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ላብ ችፍ ችፍ ብሏል። አየሁት። በደንብ ነው ያየሁት።

«ጎበዝ!» ብዬ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጌው ሄድኩ። እንደ አሰልጣኝ። በዕረፍት ሰዓት ተጫዋች እንደሚያስገባ አሰልጣኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ የሆነ ነገር የለም። አልተጣላንም፣ አላለቀሰም።

ግን ሦስተኛ ቀን ምን እንደሆነ አውቃለሁ እኮ። ከማንም በላይ አውቃለሁ። ጋንጃ ሱስ አያሲዝም፣ ቅጠል ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ለዓመታት እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። አስተናግርም ቅጠል ነው፣ ሂድና ቅመሰው እስኪ። ከሞከሩት ሰዎች ውስጥ ከ10 አንዱ ገደማ ነው ሱሱ የሚይዘው፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ከጀመሩት ደግሞ ከ6 አንዱ። ከ10 አንድ ስትባል ራስህን ከዘጠኙ ጋር ነው የምትቆጥረው። እኔ ስጀምር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የኳሱ ልጅ መቼ እንደጀመረ አልጠየቅኩትም። እሱንም አልጠየቅኩትም!

ካቆምክ በአንድ ወይ በሁለት ቀን ይጀምርሃል። የመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው የሚብሰው። እንጀራ ሲቀርብልህ ይዘጋሃል። ሰው ሲናገርህ ትቆጣለህ፤ እኔ በገዛ ጫማዬ ክር ተቆጥቼ አውቃለሁ። ላብ ነው፣ ቁርጠት ነው፣ እንቅልፍ የለም። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ይረግብልሃል፣ እንቅልፉና ሕልሙ ግን ይቆያል። ሕልሙ! ለዓመታት ሳታልም ኖረህ ድንገት ሁሉም ተጠራቅሞ ይመጣል። እኔ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ስቀበር አይቻለሁ፣ አንዱ ቀብር ላይ ንፍሮ የማዞረው እኔው ነኝ።

ሲስተር ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ሲስተርን ታስታውሷታላችሁ፣ ሱሱን ያከመችኝ ነርስ፣ ያቺ ባለ ማስታወሻ ደብተሯ። ቲ ኤች ሲ የሚባለው፣ ጋንጃው ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ነገር፣ ስብ ይወዳል፤ ኮሰረት ቅቤ ውስጥ እንደሚቀረው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። በየቀኑ ለሚያጨስ ሰው ካቆመም በኋላ እስከ ወር ድረስ በሽንት ምርመራ ሊገኝ ይችላል። ጭንቅላት ደግሞ የራሱ ተመሳሳይ ነገር አለው፣ በፈረንጅ 1992 ነው የተገኘው፤ አናንዳማይድ ይሉታል፣ ስሙ በሳንስክሪት ደስታ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ከውጭ በየቀኑ ስታስገባ ጭንቅላት ያን ነገር የሚይዙለትን ተቀባዮቹን ይቀንሳል። ድግስ ላይ ወንበር እንደማንሳት በሉት። ከዚያ ስታቆም የገዛ ደስታህ ይመጣና መቀመጫ ያጣል። ወንበሮቹ የሚመለሱት በአራት ሳምንት ገደማ ነው። አራት ሳምንት። ለዚያ ልጅ ይቺን እንኳ ብነግረው! «አይዞህ፣ ወንበር እየተመለሰ ነው» ብለው ምን ነበረበት?

ቲ ኤች ሲን በፈረንጅ 1964 እስራኤል ውስጥ ለይተው ካወጡት አንዱ ራፋኤል መሹላም የሚባል ሰው ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ከሁሉም የያዘችው ስሙን ነው። «ሩፋኤል? ፈዋሹ መልአክ! ይኸው፣ አልኩህ!» ምን እንዳለችኝ አላስታውስም፣ ግን ብላኛለች።

እናቴ። እሺ።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ተቋም፣ ስሙ ይቅር፣ ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ወረፋው ሙሉ እየሰማ «የሱስ ነህ?» አለኝ። ከኋላዬ የአክስቴ እድርተኛ ቆማለች። «የጨጓራ ነኝ» አልኩ። የጨጓራ መድኃኒት ይዤ ወጣሁ፣ መድኃኒቷም አልከፋችም። ዓመት ከምናምን እንደገና አልሄድኩም። ሕጉም አለ፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መጠቀሙ ራሱ ወንጀል ነው፤ ስሜን መዝግበው ለፖሊስ ይሰጡብኝ ይሆን እያልኩ ነበር። አልሰጡም። ግን ያን ፍርሃት ይዞ ማን ነው ካርድ የሚያወጣው?

በኋላ ሲስተር ጋ ስደርስ 11 ጥያቄ አለ፣ ያውም ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ስለሆነው ነው የምትጠየቀው። ካሰብከው በላይ ታጨሳለህ ወይ፣ ለመተው ሞክረህ አቅቶህ ያውቃል ወይ፣ ሐራራ አለብህ ወይ... ሁለቱን አዎ ካልክ ገብተሃል፣ ከስድስት ጀምሮ ከባዱ ነው። እኔ ሰባት ነኝ። «መድኃኒቱን ስጭኝ» አልኳት። ለዚህ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም አለችኝ። ሕክምናው ንግግር ነው፤ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደሚያምርህ እየጻፍክ፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ምን እንደምታደርግ አብሮ ማሰብ ነው። እኔ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሲጋራ ጋዜጣ ላይ ሲራገፍ ድምፁን ስሰማ። ድምፅ አለው፣ አዎ። ደረቅ ጤፍ ሰፌድ ላይ ሲፈስ እንደሚለው። ትምባሆውም አብሮ ስለሚገባ ሁለት ሱስ ነበር የያዘኝ፣ ያኔ ግን አንድ ብቻ ነበር የምቆጥረው።

«ከዜሮ እስከ አሥር፣ ለመተው ምን ያህል ትፈልጋለህ?» አለችኝ። «አራት» አልኩ፣ አፍሬ። ትቆጣኛለች ብዬ ነው። «ለምን ሁለት አላልክም?» አለች። እስቲ አስቡት። ለምን ዘጠኝ አላልክም ቢሆን ለቁጣ ዝግጁ ነበርኩ፣ መልስም ነበረኝ። ለምን ሁለት አላልክም ስትለኝ አፌን የከፈትኩት ስለ እናቴ ሳል ለማውራት ነው... ጢሱ በመስኮት እየገባ ያስላት እንደነበር። የማንም ጥያቄ ያን አውጥቶ አያውቅም።

የኳሱን ልጅ «ለምን ሁለት አላልክም» ብዬ ብጠይቀው... ቆይ፣ ቁጥሩን ራሱ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። ለማንኛውም።

እናቴ ግን። «መድኃኒት ከሌለው ታዲያ ሐኪም ቤት ምን ትሠራለህ?» ክርክሩ እኮ ቀላል አይደለም። በፍልሰታ መጀመሪያ ጠበል ወሰደችኝ፣ ሰባት ቀን ሱባኤ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እየተነሡ፣ በዚያ የነሐሴ ብርድ! በሦስተኛው ሌሊት ላቤ ጋቢውን አረጠበው፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ ጮህኩም አሉ። እናቴ ከጎኔ ተንበርክካ፣ እያለቀሰች፣ ግን ደስ ብሏት፣ «ሊለቀው ነው፣ ሊለቀው ነው» ትላለች። በኋላ ለሲስተር ስነግራት ደብተሯን ገልጣ «ሦስተኛ ቀን፣ ልክ ነው» አለች። ያው አንድ ላብ ነው። ጠበሉ ሰባት ቀን፣ ክፉው ሳምንትም ሰባት ቀን። ስልክ የለም፣ ጓደኛ የለም፣ ጋዜጣ ላይ የሚራገፍ ነገር የለም። ታዲያ ማነው ያዳነኝ? እናቴ ጠበሉ ትላለች። ሲስተር አልተከራከረችም፣ «ሁለቱንም ቀጥል» ነው ያለችኝ። እኔ... ጠበሉን ብል ሲስተርን የካድኩ ይመስለኛል፣ ምክሩን ብል እናቴን። ስለዚህ ራሴን አልኩ። «መወሰን ነው።» ምንም ያልወሰነው ሰውዬ!

ቆይ፣ ይሄ ግን ትክክለኛው ምክንያት አይደለም መሰለኝ። እየተናገርኩ እያለ ነው የታየኝ።

እ... ስምንት ወር እላችኋለሁ አይደል? በየወሩ መጀመሪያ፣ ያ የምታውቁት ጭብጨባ፣ «ስድስት ወር! ሰባት ወር!» ስምንት አይደለም። ጥር 12። ታቦቱ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ተገናኘን። አንድ ጊዜ ነው። ማለቴ አንድ ማታ ነው፣ ሦስት ጊዜ። በነጋታው የካቲት ስንት ወር እንደምል አሰላሁ... ስድስት አልኩ። አጨበጨብኩ።

ሲስተር ብትንሸራተት እንኳ መጥተህ ንገረኝ ብላኝ ነበር፣ ምን እንደሆነ አብረን እናያለን፣ አልቆጣም ብላኝ ነበር። አልሄድኩም። ለጉብዝናዬ ጭብጨባ የለመደ ሰው እንዴት ብሎ ይሄዳል?

እና ያ ልጅ ሲጠይቀኝ፣ እውነቱን ብጀምር ጥር 12 ላይ ነው የምደርሰው። ስለዚህ አጭሩን ሰጠሁት። ወይም ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቄ ደክሞኝ ነበር፣ በቃ። ሰው ሲደክመው ጥልቅ ነገር አይመልስም። ሁሉን ነገር ወደ ኃጢአት መቀየር የእናቴ ሥራ ነው፣ የኔ አይደለም። አላውቅም።

ግን ማታ፣ ላቡ ሲመጣበት፣ «ጋሼ ዝም ብሎ ነው የተወው፣ እኔ ግን አልቻልኩም» ቢልስ? ያ ነው... በዚያ ላይ ልጅ ነው። በልጅነት አብዝተው የሚያጨሱት ላይ የአእምሮ ሕመም የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ አለ፣ ዛሬም ፒያሳ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ስለሱ አላወራም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከያዘ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ቅዳሜ ከሩቅ አየሁት፣ እጁን አነሣ፣ እኔም አነሣሁ። ኳሱን አልያዘም ነበር። ይሄ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል፣ ሰው ኳስ ቤት ያስቀምጣል።

ይህን ይሰማል፣ አይደል? ይሰማኛል። አንተ ልጅ፣ ከሰማኸኝ... ኧረ እንዲህ በአየር ላይ አይሆንም፣ ሦስተኛው በር እኮ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ አለ፣ ማታ ደግሞ እናቱ ቤት ውስጥ አለች፣ ምን ብዬ ላንኳኳ፣ «ልጅሽን ስለ ጋንጃ ላነጋግረው ነው» ልበላት? የሲስተር ስልክ አለኝ። እሷም ጋ ራሴ ሳልሄድ እሱን እንዴት ብዬ... አብረን ብንሄድ ይሆን? ካርድ ክፍሉ ጋ ሁለታችንም የጨጓራ ነን እንላለን።

እ... ቆይ። መብራት መጣ መሰለኝ። ፍሪጁ ሲያጉረመርም ይሰማችኋል? አሁን ደግሞ ዶሮው...