መጋረጃው በር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው

[ምስል፦ ባዶ መድረክ፣ ዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ጥቁር መጋረጃ]

«ሴት ስለሆነች ሳይሆን ችሎታው ስለሌላት ነው ያልተቀጠረችው።» ይህን ሙግት ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛ ሲቀጥሩ የሚፈትኑበት መንገድ አላቸው፦ ዳኛው ይስማ፣ አይይ።

ተወዳዳሪው በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራል። ከዳኞች በመጋረጃ ይለያል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ የታኮ ጫማ ኳኳታ ብቻውን ጾታን ያሳብቃልና። መናገርም ክልክል ነው፤ ጥያቄ ያለው ለአስተናባሪው በሹክሹክታ ይነግራል።

ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መጨረሻው ዙር ላይ ነው፤ በርካታ ኦርኬስትራዎች እዚያ ሲደርሱ መጋረጃውን ያነሳሉ። ሌላው ቀዳዳ ማጣሪያውን ሳያልፉ በቀጥታ የሚጋበዙት ናቸው። ጋባዥ ደግሞ የሚጋብዘው የሚያውቀውን ነው።

[ምስል፦ ትሮምቦን]

ትሮምቦን የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የምትጫወተው አሜሪካዊቷ አቢ ኮናንት እ.ኤ.አ. በ1980 ለጀርመኑ ኦርኬስትራ ሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ስትወዳደር የጥሪው ደብዳቤ የደረሳት «አቶ» ተብሎ ነው። ከ33 ተወዳዳሪዎች 16ኛ ሆና ከመጋረጃ ጀርባ ተጫወተች፤ የቀሩት 17ቱ ሳይሰሙ ተሰናበቱ። የሙከራ ዓመቷንም አለፈች። በ1982 ግን በዋናው መሪ በሰርጂዩ ቼሊቢዳኬ ዘመን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ትሮምቦን ወረደች። ከሰሰች፤ አቅም ያንሳታል ስለተባለ ሳንባዋን በሐኪም እስከማስመርመር ደረሰች። ቦታዋ በ1988 ተመለሰ፣ የደመወዝ እርከኗ ግን እስከ 1993 አከራክሯል።

በክርክር ላይ የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹን የጎልዲንና የራውስን የእ.ኤ.አ. 2000 ጥናት የምትጠቅሱ ከሆነ ጠንቀቅ በሉ። መጋረጃው የሴቶችን የማለፍ ዕድል እንደጨመረ ጽፈዋል፤ ናሙናው ግን ትንሽ ነው፣ በግማሽ ፍጻሜው ዙር ደግሞ ውጤቱ ተቃራኒ ነበር። ይህን ሳይናገር ቁጥሩን ብቻ የሚያነሳ ተከራካሪ በቀላሉ ይሸነፋል።

ከቅጥር በኋላ ደመወዝ አለ። ኤልዛቤት ሮው በአሜሪካው የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዋና የፍሉት ተጫዋች የሆነችው በመጋረጃ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቦስተን የምትገኝበት የማሳቹሴትስ ግዛት አዲሱ የእኩል ክፍያ ሕግ ሥራ ላይ እንደዋለ፣ አጠገቧ ከሚቀመጠው ዋና የኦቦ (ሌላ የትንፋሽ መሣሪያ) ተጫዋች በዓመት 64 ሺህ ዶላር ገደማ ያነሰ ይከፈለኛል ብላ ከሰሰች። ኦርኬስትራው ሁለቱ መሣሪያዎች አይነጻጸሩም አለ። የኦቦ ተጫዋቹ ግን በችሎታ እንደማታንሰው መስክሮላታል። ሕጉ የመደቡ ስም አንድ ይሁን አይልም፤ ችሎታው፣ ልፋቱ፣ ኃላፊነቱና የሥራው ሁኔታ በአመዛኙ መመሳሰሉን ነው የሚመዝነው። ጉዳዩ በ2019 በስምምነት ስለተዘጋ ፍርድ አልተሰጠበትም።

[ምስል፦ ፎቶ የተለጠፈበት የሥራ ማመልከቻ]

ወደ እኛ መሥሪያ ቤቶች እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87፣ ሴት ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች በቅጥርም በዕድገትም ቅድሚያ ይሰጣታል ይላል። ጥሩ ድንጋጌ ነው፤ ነጥቡ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ግን «እኩል» መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የጽሑፍ ፈተናው ላይ ስም፣ ፎቶና የጋብቻ ሁኔታ ተነስተው ኮድ ይሰጥ። ለቃለ መጠይቅ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ «መቼ ልትወልጂ አስበሻል?» የሚለው ከነጭራሹ ይውጣ። እያንዳንዱ ፈታኝ ከሌሎቹ ጋር ሳይነጋገር ነጥቡን ጽፎ ይፈርም። ስሙ የሚገለጠው ድምሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ እኩል የወጡ ካሉ አንቀጽ 87 የሚሠራው ያኔ ነው።